ተንሳፋፊ የነፋስ ኃይል መጣ መጣ እየተባለ ነው፤ የ5 ሰው ብየዳ ቤት ምን ይዞ ይጠብቅ?

የአበርዲኑ በያጅ | ማክሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡልኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የእኛው ከተምታታብኝ ቆይቷል።

አበርዲን አጠገብ ትንሽ ብየዳ ቤት አለኝ። ከእኔ ጋር 5 ሰው ነን። መሰላል፣ የእጅ መደገፊያ፣ የቧንቧ ማቀፊያ፣ አልፎ አልፎ የዕቃ መጫኛ ፍሬም እንሠራለን። ደንበኞቻችን ለነዳጅ ኩባንያዎች የሚያቀርቡ መካከለኛ ድርጅቶች ናቸው። የነዳጁ ሥራ ዓመት በዓመት እየሳሳ ነው። ድሮ ቅዳሜም እንገባ ነበር። አሁን ዓርብ ከሰዓት ወለል ስንጠርግ የምንውልበት ሳምንት አለ።

ባለፈው ሳምንት ሆቴል ውስጥ የአቅራቢዎች ስብሰባ ተጠርቼ ሄድኩ። ነገሩ ተንሳፋፊ የባህር ነፋስ ኃይል ነው። ለማያውቅ ሰው፦ ባህሩ እስከ 60 ሜትር ገደማ ጥልቀት ካለው ተርባይኑን ከባህሩ ወለል ጋር ይተክሉታል። ከዚያ ሲያልፍ መትከሉ አያዋጣም። ስለዚህ ተርባይኑን በሚንሳፈፍ የብረት ወይም የኮንክሪት መቀመጫ ላይ ያቆሙትና በሰንሰለትና በመልህቅ ያስሩታል። እንደ ጀልባ ማለት ነው።

እስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ራስ ያዞራል። በ2022 ጥር ላይ ስኮትላንድ ለ17 ፕሮጀክቶች የባህር ቦታ ሰጠች። በድምሩ 25 ጊጋ ዋት ገደማ፣ ማለትም 25 ሺህ ሜጋ ዋት። ኩባንያዎቹ ቦታውን ለመያዝ ብቻ ወደ 700 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈሉ። ከ17ቱ 10ሩ ተንሳፋፊ ናቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ወደ ቤት ስነዳ ግን ሃይዊንድ ስኮትላንድ ትዝ አለኝ። በዓለም የመጀመሪያው ተንሳፋፊ ማመንጫ ነው፤ በ2017 ሥራ ጀመረ። ከፒተርሄድ ጠረፍ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፒተርሄድ ደግሞ ከእኔ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። 5 ተርባይን፣ 30 ሜጋ ዋት። መቀመጫዎቹ ስፔን ተሠሩ። ኖርዌይ ተገጣጠሙ። ከዚያ ተጎትተው መጡ። እኔ ቤት የደረሰ አንድ ብሎን የለም።

አሁን ባንክ 180 ሺህ ፓውንድ ሊያበድረኝ ፈቃደኛ ነው። ሰፋ ያለ መጋዘን ተከራይቼ፣ ላሜራ መጠቅለያ ማሽን ገዝቼ ልጠብቅ? ለሚስቴ ሳወራላት "ማንን ነው የምትጠብቀው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። እናንተ ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ስታቫንገር 07 | ማክሰኞ ማታ 4፡45

ወንድሜ፣ ለሚስትህ ሰላም በልልኝ። ጥያቄው እሱ ነው።

እኔ ኖርዌይ የመርከብ ግቢ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ሃይዊንድ ለምን ወደ እኛ እንደመጣ ካላወቅክ ቀጣዩም ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም። የእሱ መቀመጫ ስፓር የሚሉት ዓይነት ነው። ረጅም ሲሊንደር፣ እንደ እርሳስ ቀጥ ብሎ የሚቆም፤ ታችኛው ሆዱ በክብደት ይሞላል። ውሃ ውስጥ የሚገባው ብቻ ወደ 80 ሜትር ይጠጋል። ይህን አቁመህ ተርባይን ልትጭንበት ከፈለግክ ጥልቅም ጸጥ ያለም ውሃ ያሻሃል። እኛ ጋ ፊዮርድ አለ፤ በተራራ የተከለለ፣ እግዜር የቆፈረው። ሥራው ስቶርድ የሚባለው የእኛ ግቢ የገባው በዚህ ነው። ኖርዌጂያኖቹ ከእናንተ ስለጎበዙ አይደለም።

"እሺ ጥልቅ ውሃ የማይፈልገውስ?" ትለኛለህ። ኪንካርዲንን እየው። ከአበርዲን 15 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው፣ በ2021 ያለቀው። ያ ሦስት ምሰሶ ያለው ሴሚ ሰብ ነው፤ ብዙ ጥልቀት አይፈልግም። ግን መቀመጫዎቹ ስፔን ፌሮል አካባቢ ተሠሩ፣ ተርባይኖቹ ሮተርዳም ላይ ተጫኑ። እዚህ ጋ የጎደለው መሬት ነው። 15 ሜጋ ዋት የሚሸከም አንድ መቀመጫ 4 ሺህ ቶን ገደማ ብረት ይበላል። ያንን አምስት ስድስት ደርድሮ የሚያስቀምጥ ግቢ፣ የማይሰምጥ የወደብ ወለልና ትልቅ ክሬን ያለው ነው ሥራውን የሚያነሳው። ለዚህ ነው አሁን እናንተ ጋ ስለ ኒግና ስለ አርደርሲር ወደቦች ይህን ያህል የሚወራው።

ሃይዊንድ ታምፐን ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። 11 ተርባይን፣ 88 ሜጋ ዋት፣ ስኖሬና ጉልፋክስ ለሚባሉ የነዳጅ መድረኮች ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በ2023 ተመረቀ። መቀመጫዎቹ ኮንክሪት ናቸው። ኮንክሪት ሲሆን ፌሮ አሳሪው፣ ሲሚንቶ አቅራቢው፣ ፎርም ሠሪው ሁሉ ከቅርብ ይገኛል። ሥራውም እዚሁ ኖርዌይ ቀረ። አንድ መሐንዲስ ቢሮው ተቀምጦ "ብረት" ወይም "ኮንክሪት" ባለ ጊዜ የስንት ሰፈር እንጀራ ይወሰናል መሰለህ።

ሌላው ነገር ጥገና ነው። ስለሱ ስብሰባው ላይ ያወራልህ ሰው ነበር? በ2022 የኪንካርዲን ተርባይን ለትልቅ ጥገና ከማሰሪያው ተፈትቶ ሮተርዳም ድረስ ተጎተተ። በ2024 የሃይዊንድ ስኮትላንድ ተርባይኖች ጉለን የሚባል የእኛ ወደብ መጥተው ታክመው ተመለሱ። እያንዳንዷ ጉዞ ጎታች መርከብ፣ ሰንሰለት፣ ማሰሪያ፣ ጊዜያዊ ብረት፣ ምግብ፣ አልጋ ናት። ግንባታው በሁለትና በሦስት ዓመት ያልቃል፣ ጥገናው ግን 25 ዓመት ይከተላል። እኔ አንተን ብሆን ዓይኔን እዚያ ላይ ነበር የምተክለው።

ቆቁ | ረቡዕ ጠዋት 1፡10

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ይቅርታ፣ ግን ሰው ሁሉ ተስፋ ሲሰጥህ አንድ ሰው መቃወም አለበት ብዬ ነው።

ስኮትላንድ፣ ፋይፍ የሚባል አካባቢ ሜቲልና በርንትአይላንድ የሚባሉ የብረት ግቢዎች ነበሩ። ቢፋብ የሚባለው ኩባንያ ነበር የያዛቸው። ከግቢው ደጃፍ ቆመህ በምታየው ባህር ላይ ኒርት ና ጊሃ የሚባለው ባለ 54 ተርባይን ማመንጫ እንደሚተከል ተነገረ። ሕዝቡ "ሥራው የእኛ ነው" አለ። አብዛኛው የብረት መቀመጫ ኢንዶኔዥያ ሄደ። ቢፋብ በ2020 ታኅሣሥ ኪሳራ ውስጥ ገባ። ያ እንግዲህ ከወለል የሚተከለው፣ የታወቀው ቴክኖሎጂ ነው። ተንሳፋፊውማ ገና ልጅ ነው።

በ2023 መንግሥት ለኤሌክትሪኩ ዋጋ ዋስትና የሚሰጥበትን ጨረታ ሲያወጣ ከባህር ነፋስ አንድም ተጫራች አልቀረበም። ጣሪያ ዋጋው አያዋጣም አሉ። የአንድ ዓመት ጨረታ ባዶ ሲሆን ላንተ ምን ማለት ነው? ባንክህ ያን ዓመት ወለድ አይቀንስልህም።

180 ሺውን እርሳው።

ወረቀቷ | ረቡዕ ቀን 7፡35

ወንድሞች፣ እኔ የምሠራው ጥራት ቁጥጥር ነው። ኒውካስል አካባቢ። ከትንንሽ ብየዳ ቤቶች የሚመጣውን ዕቃና ሰነድ ተቀብዬ የማመሳክረው እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ ጊጋ ዋት አላወራም፣ ስለ ፋይል ነው የማወራው።

አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። ስሙን አልጠራም፤ አንድ ጥሩ ብየዳ ቤት 40 የኬብል ማቀፊያ ሠርቶ አመጣ። ብየዳው እንደ ዶቃ የተደረደረ። ጠርዙ ሁሉ ተሞርዷል፣ እጅ አይቧጭርም። ጓደኛዬ ጠርታኝ "ነይ እዪ" አለችኝ፣ እንደ ጌጥ። እኔ ገልብጬ ቁጥር ፈለግኩ። የለም። ሌላውን አነሳሁ። የለም። ላሜራ ከፋብሪካ ሲመጣ ጠርዙ ላይ የተጻፈ ሂት ነምበር አለው። ብረቱ ከየትኛው ቅልጥ እንደወጣ የሚናገር ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ከብረቱ ጋር በሚመጣው 3.1 በሚባለው ሰርተፊኬት ላይም አለ። ሁለቱ ሲገጥሙ ነው ብረቱ ማንነት የሚኖረው። ልጁ ዕቃው ያምር ብሎ በግራይንደር ጠርጎ አጠፋው። ሰርተፊኬቱ ፋይል ውስጥ አለ፣ ብረቱም ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ዝምድናቸውን የሚመሰክር ግን የለም።

40ውም ተመለሰ። ባለቤቱ ስልክ ደውሎ "ብየዳው ምን ይጎድለዋል?" አለኝ። ምንም አይጎድለውም ነበር። በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ስለዚህ የአበርዲኑ፣ ማሽን ከማሰብህ በፊት ይህን እይ። በያጆችህ በስማቸው የብቃት ፈተና ወስደዋል? አሁንም እየበየዱ መሆናቸውን የሚያረጋግጠው ፊርማ በየ6 ወሩ ይታደሳል? ብዙ ቤት ፈተናውን ያልፋሉ፣ ፊርማውን ይረሳሉ፣ ፈተናው ውድቅ ይሆናል። የብየዳ አሠራር ሰነድህ አሁን የምትጠቀመውን የላሜራ ውፍረት ይሸፍናል? ወይስ ከዛሬ 8 ዓመት በፊት ለቀጭን ብረት የተጻፈ ነው? ሥዕሉ ሲቀየር አሮጌው ከወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ይነሳል? አይሶ 9001 የሚባለው የጥራት አሠራር ሰርተፊኬት ካለህ ጥሩ። ከሌለህ ጀምር፤ ግን አማካሪ ጽፎ የሚሰጥህን ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ አትግዛ። የምትሠራውን ጻፍ፣ የጻፍከውን ሥራ።

ሌላ፣ ፊት ፎር ኦፍሾር ሪኒውብልስ የሚባል ፕሮግራም አለ። የሚያካሂደው ኦፍሾር ሪኒውብል ኢነርጂ ካታፑልት ነው። ራስህን ትገመግማለህ፣ ባለሙያ መጥቶ ያይሃል፣ የጎደለህን ይነግርህና ታስተካክላለህ፣ መጨረሻ ላይ ይፈትሹሃል። ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። ሥራ አይሰጥህም፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን ያውቁታል። ሥራ ሳስቶ ዓርብ ዓርብ ወለል ከምትጠርጉ ጊዜው አሁን ነው።

ስለ ክፍያም አንድ ነገር። ትልልቆቹ ዘንድ ደረሰኝ ከላክህ በኋላ 60 ቀን መጠበቅ የተለመደ ነው፣ 90ም አይቻለሁ። ብረቱን ግን አንተ በ30 ቀን ትከፍላለህ። ብዙ ቤት የሚወድቀው ሥራ በማጣት ይመስላችኋል። እኔ ሥራ አግኝተው ሲወድቁ ነው ያየሁት።

የአበርዲኑ በያጅ | ረቡዕ ማታ 2፡50

እህቴ፣ ይህን አንብቤ ወደ ወርክሾፕ ተመልሼ ሄድኩ። እውነቴን ነው፣ ራት እንኳ ሳልበላ። የቁራጭ ላሜራ መደርደሪያችንን አየሁት። ከ60 ቁራጭ ቁጥር ያለው 7 ነው። ሰርተፊኬቶቹ ግማሹ ኢሜይል ውስጥ፣ ግማሹ መሳቢያ ውስጥ፣ አንዱ ሻይ ተደፍቶበታል። የነዳጅ ደንበኞቻችን ለመሰላልና ለእጅ መደገፊያ ብዙም አይጠይቁንም ነበር።

ወረቀቷ | ረቡዕ ማታ 3፡05

ሻይ የተደፋበትን እቀበላለሁ፣ ቁጥሩ ከተነበበ 😄

ስዋንሲ ሚኒባስ | ሐሙስ ቀን 6፡20

እናንተ ሁላችሁ ብረት ብረት ትላላችሁ። እኔ 3 ሚኒባስ አለኝ፤ ሚስቴ ደግሞ ምግብ ታዘጋጃለች። እኛም "የአካባቢ ንግድ" ነን ልበል?

እኛ ጋ፣ ዌልስ፣ ነገሩ ትንሽ ያማል። ፖርት ታልቦት የመጨረሻው የብረት ማቅለጫ እቶን በ2024 መስከረም 30 ተዘጋ። ለሰፈሩ ሰው "አይዟችሁ፣ ተንሳፋፊው ነፋስ እየመጣ ነው" ይባላል። ወሬ ብቻም አይደለም። ሴልቲክ ባህር ላይ እያንዳንዳቸው 1.5 ጊጋ ዋት የሆኑ 3 ቦታዎች ለጨረታ ወጥተው በ2025 ሰኔ ሁለቱን ኢኩዊኖርና ግዊንት ግላስ የሚባሉ ድርጅቶች አሸነፉ። የፖርት ታልቦት ወደብም ከስኮትላንዱ ክሮማርቲ ፈርዝ ጋር ለተንሳፋፊ ነፋስ ወደቦች ለተመደበው 160 ሚሊዮን ፓውንድ በ2024 ታጭቷል። ግን እቶኑ የተዘጋበትና ወደቡ የሚሠራበት ቀን መሃል ስንት ዓመት አለ? ሰው በመሃሉ ምን ይብላ?

የእኔን ልምድ ልንገራችሁ። ሚልፎርድ ሄቨን ወደብ ለሚገቡ መርከቦች ሠራተኛ አመላልሳለሁ። ባህር ላይ የሚሠራ ሰው ፕሮግራም የለውም። "ለነገ ጠዋት 12 ሰዓት 24 ሰው" ይሉሃል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተደውሎ "ነፋሱ በዝቷል፣ ቀርቷል" ይባላል። አንዴ ሚስቴ 60 ሰው የሚበላው ራት ሠርታ መርከቧ ሳትገባ ቀረች። ጎረቤት ሁሉ በላ። ከዚያ ወዲህ ውላችን ላይ አንድ መስመር አስገባን፦ ከ12 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከተሰረዘ ግማሹ ይከፈላል። መጀመሪያ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ በኋላ ፈረሙ። ለእነሱ የአንድ መርከብ የአንድ ቀን ኪራይ እኮ የእኛን ዓመት ገቢ ይበልጣል፤ ለ60 ሳህን ራት አይጣሉም።

አምስተኛ መኪና ልግዛ አልግዛ እያልኩ ነበር (አራተኛዋን አዝዣለሁ)። አልገዛም። ለተጨማሪው ሥራ ከሌሎች ሁለት የታክሲ ባለቤቶች ጋር ተስማምተናል፤ ትልቅ ትእዛዝ ሲመጣ አብረን እንወስዳለን። የነፋሱ ሰዎች ሲመጡም "ስንት መኪና አላችሁ?" ብለው ነው የሚጠይቁት። የማን እንደሆነ አይጠይቁም፤ ኢንሹራንሱ ይኑር እንጂ።

ኦክላንድ ነዋሪ | ሐሙስ ማታ 1፡30

ከካሊፎርኒያ ሰላም። ቆቁ ልክ ነው ልል ነው የገባሁት።

እኛ ጋ በ2022 ታኅሣሥ 5 የባህር ቦታዎች በ757 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። የፓስፊክ ወለል ወዲያው ገደል ስለሚሆን ከተንሳፋፊ ሌላ አማራጭ የለም። ሰሜን ላይ ሃምቦልት የሚባል ድሮ በእንጨትና በዓሣ ይኖር የነበረ ወደብ አለ። በ2024 ጥር ላይ የፌዴራል መንግሥት ወደ 427 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጠው ተስማማ። በዚያ ሰሞን አካባቢውን ብታዩት! ሁሉም መሬት ይጠይቃል፣ ሁሉም ሥልጠና ይከፍታል። በ2025 መንግሥት ተቀየረ፣ ነሐሴ ላይ ያ ገንዘብ ተሰረዘ። በአንድ መግለጫ።

የማውቀው አንድ የአገር ልጅ በወሬው ብቻ የጭነት ማቆሚያ ግቢ የ5 ዓመት ውል ፈርሞ ነበር። አሁን ግማሹን ለምግብ መኪናዎች እያከራየ ነው። ደግነቱ "ከሰርኩ አልልም" ይላል።

እናንተ ጋ እንደዚህ ላይሆን ይችላል። ግን መንግሥት በሚሰጠው ዋጋ ላይ የቆመ ነገር መንግሥት ሲያስነጥስ ይነቃነቃል።

ጋሽ ጠጠር | ዓርብ ጠዋት 2፡00

ልጆቼ፣ ባህር የሌለን ሰዎች ስለ ባህር ስንወያይ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። አዳማ ላይ የነፋስ ማመንጫው ሲሠራ (የመጀመሪያው 51 ሜጋ ዋት ነበር፣ በ2012 በፈረንጅ፤ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት፣ በ2015) ጠጠርና አሸዋ አቅርቤያለሁ። ከአንድ ንዑስ ተቋራጭ ሥር ሆኜ። ትልቁ ዕቃ፣ ክንፉና ሞተሩ ከውጭ በጅቡቲ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ላይ የእኛ እጅ አይደርስም። የተርባይኑ እግር የሚቆምበት ኮንክሪት ግን የግድ ከአገር ጠጠር ነው።

የመጀመሪያዋ መኪናዬ ተመለሰች። አቧራው በዛ አሉኝ። እኔ በ20 ዓመት ሥራዬ ጠጠር አቧራ አለው ተብሎ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ተናደድኩ፣ ተሳደብኩም። አንድ ወጣት የላቦራቶሪ ልጅ ወንፊቶቹን ደርድሮ በፊቴ ነፋልኝ። ከታች የቀረውን ዱቄት መዝኖ ጻፈው። ከዚያ የድንጋይ መፍጫዬ ላይ ማጠቢያ ጨመርኩ። በየሳምንቱ ናሙና እያስመረመርኩ ወረቀቱን አስቀምጥ ጀመር።

የነፋሱ ሥራ በትንሽ ጊዜ አለቀ። ገንዘቡም እንዳሰብኩት አልነበረም። ግን ከዚያ በኋላ ለመንገድና ለድልድይ ሥራ ስወዳደር "የምርመራ ውጤት አለህ?" ሲሉኝ እኔ ብቻ ነበርኩ ፋይል ያለኝ። አንቺ ልጅ፣ ወረቀቷ የምትባዪው፣ የምትዪው ገብቶኛል።

ብድሩን በተመለከተ፣ ልጄ፣ እኔም ያኔ ሁለተኛ መፍጫ በዱቤ ልገዛ ነበር። ማጠቢያውን ብቻ ስለገዛሁ እግዚአብሔር ይመስገን።

የአበርዲኑ በያጅ | ዓርብ ቀን 9፡10

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጊዜ ወስደው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ።

ስታቫንገር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ማሽኑን ካልገዛሁ ያ ትልቁ መቀመጫ ለእኔ ዝግ ነው። ታዲያ እኔ ልበየድ የምችለው ነገር ምንድን ነው? ደግሞ ግሪን ቮልት የሚባለው ፒተርሄድ ፊት ለፊት ጸድቋል ይላሉ፤ እሱስ?

ስታቫንገር 07 | ዓርብ ማታ 3፡30

"ልበየድ" አልክ? አንተ አትበየድ፣ ብረቱ ይበየድ 😂

ግሪን ቮልት ጥሩ ምሳሌ ነው። 560 ሜጋ ዋት የታቀደ፣ ከፒተርሄድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ2024 መስከረም ለ400 ሜጋ ዋቱ የዋጋ ዋስትና አገኘ። ስንት? በ2012 ዋጋ ተሰልቶ ለአንድ ሜጋ ዋት ሰዓት 139.93 ፓውንድ። በዚያው ጨረታ ከወለል የሚተከሉት አዲሶች 58.87 ነው ያገኙት። ልዩነቱን እየው፣ ከእጥፍ በላይ ነው። ይህ ልዩነት እንዲጠብ ሁሉም ይፈልጋል። ስለዚህ ዋጋ ቀንስ የሚለው ግፊት ዞሮ ዞሮ አቅራቢው ላይ ያርፋል፤ ይህን እያወቅክ ግባ።

ለምን ተወደደ? አንዱ ምክንያት እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ቅርጽ ይዞ መምጣቱ ነው። ስፓር አለ፣ ሴሚ ሰብ አለ፣ ባርጅ አለ፣ በተወጠረ ገመድ የሚያዝ አለ፤ በየውስጣቸው ደግሞ ብዙ ዓይነት። አንድ ዓይነት ዕቃ መቶ ጊዜ ደጋግሞ ሠርቶ ዋጋ የሚያወርድ ገና አልመጣም። ለዚህም ነው መጠቅለያ ማሽኑን አትግዛ የምልህ። ዛሬ ለአንዱ ቅርጽ የሚሆን ዲያሜትር ነገ ላይፈለግ ይችላል።

መሰላል፣ የእጅ መደገፊያ፣ የመወጣጫ መድረክ፣ የኬብል ማቀፊያ ግን ቅርጹ ምንም ይሁን ምን ያስፈልጋሉ። አሁን የምትሠራውም እሱኑ ነው። ከዚያ ሌላ ማንም የማያወራልህ ሥራ አለ፤ የመርከብ ላይ ማሰሪያ። ሰንሰለት፣ መልህቅ፣ የተርባይን ክፍል መርከብ ላይ ሲጫን ማዕበል እንዳይጥለው ጊዜያዊ ብረት ከመርከቡ ወለል ጋር ይበየዳል። ሲደርስ ይቆረጣል፣ ይጣላል። በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና። ሥዕሉ ማታ ይደርስሃል፣ ብረቱ ለነገ ከሰዓት ይፈለጋል፣ መርከቧ በሰዓት እየከፈለች ቆማለች። ይህን ሥራ ስፔን ልኮ የሚያሠራ የለም። ወደብ አጠገብ ያለ፣ ስልክ የሚያነሳ፣ የተፈተነ በያጅና ቁጥር ያለው ላሜራ መደርደሪያው ላይ ያለው ሰው ይወስደዋል።

አበርዲን ደቡብ ወደብ ከወርክሾፕህ ስንት ደቂቃ ነው?

የአበርዲኑ በያጅ | ዓርብ ማታ 3፡42

14።

ቆቁ | ዓርብ ማታ 3፡50

ይህቺን እንኳ እኔም አልቃወምም። ለነዳጁም፣ ከወለል ለሚተከለውም፣ ለተንሳፋፊውም ያው ማሰሪያ ነው። ነፋሱ ቢቀር መርከቧ አትቀርም።

የአበርዲኑ በያጅ | ከ5 ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ቀን 8፡00

ሰላም ቤቶች። የት ጠፋህ ላላችሁ፣ ይኸው።

ብድሩን አልወሰድኩም። 2,300 ፓውንድ ነው ያወጣሁት። መደርደሪያ፣ የቁጥር መምቻ፣ የሦስት ሰው ፈተና እድሳት። ቁጥር የሌላቸውን 53 ቁራጮች ለይተን ቀይ ቀለም ቀባናቸው፤ ለወርክሾፑ የራሳችን ጠረጴዛ እየሠራንባቸው ነው። ሚስቴ ሰርተፊኬቶቹን ስካን አድርጋ በቁጥር አስቀመጠች። ሁለት ቅዳሜ ፈጀባት። ለፕሮግራሙም አመለከትኩ፣ መልስ እየጠበቅኩ ነው።

ከዚያ ለወደቡ የመርከብ ወኪሎች አንድ በአንድ ደወልኩ። 11 ሰው። ዘጠኙ "ኢሜይል ላክ" አሉኝ፣ ያው ታውቁታላችሁ። አንዱ ግን ባለፈው ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ ደወለ። የመልህቅ ሰንሰለት የጫነች መርከብ፣ 16 ማሰሪያ፣ ለነገ 9 ሰዓት። የነፋስ ሥራ እንኳ አይደለም፣ የነዳጅ ነው። ሌሊቱን ቆረጥን፣ ጠዋት በየድን፣ 8 ሰዓት ተኩል ላይ አስረከብን። መርማሪው መጣና ብየዳውን ሳያይ መጀመሪያ ቁጥሩን ፈለገ። እኔ ሳቄን ያዝኩ።

ወረቀቷ | እሑድ ቀን 8፡25

ገጠመ?

የአበርዲኑ በያጅ | እሑድ ቀን 8፡31

16ቱም። ግራይንደሩን እኮ የመኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ቆልፌበት ነበር።

ስዋንሲ ሚኒባስ | እሑድ ቀን 8፡40

ክፍያውስ ስንት ቀን ነው?

የአበርዲኑ በያጅ | እሑድ ቀን 8፡44

45። እየቆጠርኩ ነው።